ከ‹ሦስት› ውስጥ የወጣው ‹ለ›

ከስድስት ስድሳ ይወጣል፤ ከአምስት አምሳ፣ ከሰባት ሰባ። አካሄዱ ግልጽ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ‹ት› ትነሣና ቃሉ በ‹ኣ› ይዘጋል። በዚህ ደንብ ብንሄድ ከሦስት ‹ሦሳ›፣ ከአራት ደግሞ ‹አራ› መውጣት ነበረበት። የምንለው ግን ሠላሳና አርባ ነው። በሠላሳ ውስጥ ያለው ‹ለ› ከየት መጣ? የአርባስ ‹በ›? መቁጠር የጀመረ ልጅ ይህን ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ «እንዲሁ ነው የሚባለው» ብለን እናልፈዋለን። ልጁ ግን በጣም ትልቅ ነገር ነው የጠየቀው። ‹ለ› እና ‹በ› ወደ ሠላሳና ወደ አርባ ከውጭ አልገቡም፤ ከሦስትና ከአራት ውስጥ ነው የወጡት።

ይህን በጆሮ ለማረጋገጥ መርጡለ ማርያም ጥሩ ቦታ ናት። በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ከገዳሟ ነው። ትውፊቱ የገዳሟን ምሥረታ እስከ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽም ዛሬ ድረስ ይታያል። እዚያ በአንድ ጠዋት ሁለት አቆጣጠር መስማት ይቻላል። ከቅጥሩ ውጭ ገበያተኛው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። ከቅጥሩ ውስጥ ካህኑ ‹አሐዱ› ብሎ ቅዳሴውን ይጀምራል፤ በስብከቱና በትርጓሜው መካከልም ሠለስቱ ደቂቅ፣ አርባዕቱ እንስሳ፣ ዐሠርቱ ትእዛዛት፣ ተስዓቱ ቅዱሳን ይጠራሉ። ምእመኑ ሁለቱንም ይሰማል፤ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚያያቸው ግን ጥቂት ሰው ነው።

እናስቀምጣቸው። ሠለስቱና ሦስት፤ ‹ለ› ጠፍቷል። አርባዕቱና አራት፤ ‹በ› ጠፍቷል፤ ‹ዐ›ም አብሮ ሄዷል። ቁጥር በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ከአፍ የማይለይ ቃል ነውና ብዙ እጅ እንደ ነካው ጠገራ ብር ይሟሽሻል። ሠላሳና አርባ ግን ከሦስትና ከአራት ያነሰ ይነካሉ፤ ቅርጻቸውም የተለየ ነው፤ ስለዚህ የጥንቱን ፊደል ይዘው ቀሩ። ግእዝን ምንም ባናውቅ እንኳ አማርኛን ብቻ ይዘን «ሦስት ድሮ ‹ለ› ነበረው፣ አራትም ‹በ› ነበረው» ብለን በእርግጠኝነት መናገር እንችል ነበር ማለት ነው። ሌሎች ምስክሮችም አሉ። ለቀስተኛው በቀብር ሦስተኛ ቀን የሚሰበሰብበትን ዕለት ሠልስት እንለዋለን። አራሹ ከምርቱ አንድ አራተኛውን ሲያካፍል እርቦ አራሽ ይባል ነበር፤ ረቡዕን ሮብ ብለን ስናሳጥረው እንኳ ‹ብ›ን አልጣልናትም። ከአንዱ ቤት የጠፋው ከዘመዶቹ ቤት ይገኛል። የጠፋ ቋንቋን መልሶ የመገንባት ጥበብ ከዚህች አንዲት ሐሳብ ይነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማቃናት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ግእዝን የአማርኛ እናት አድርገን ተምረናል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን አማርኛን ከሐረሪ፣ ከአርጎባና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር በደቡቡ ቅርንጫፍ ያስቀምጡታል፤ ግእዝና ትግርኛ በሰሜኑ ናቸው። ስለዚህ ግእዝ ለአማርኛ እናት ከመሆን ይልቅ አክስት ወደ መሆን ያዘነብላል። ዝምድናውን ይህ አያሳንሰውም። አክስት ስለ አያት የምታውቀው እናት ከምታውቀው አያንስምና እንዲያውም ለሥራችን ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ሁለት እንሂድ። ግእዝ ክልኤቱ፣ ትግርኛ ክልተ፣ አማርኛ ሁለት። ‹ክ› እንዴት ‹ሁ› ሆነች? «ድምፁ ትንሽ ይመስላል» ብሎ መዝጋት ተገቢ አይደለም፤ መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው ለውጡ በሌሎች ቃላትም በዚያው መልክ ሲደገም ነው። ግእዝ ኮነ ይላል፣ አማርኛ ሆነ። ግእዝ ኵሉ ይላል፣ አማርኛ ሁሉ። ትግርኛ እስከ ዛሬ ኮነ እና ኩሉ ይላል። ሦስቱ ቃላት በትርጉም ምንም አይገናኙም፤ የሚያገናኛቸው በቃሉ መነሻ ላይ የነበረው ‹ከ› በአማርኛ ወደ ‹ሀ› መላላቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ ለውጥ ሊቃውንቱ የድምፅ ሕግ ይሉታል። ሕጉ አንዴ ከተገኘ በኋላ ያልጠበቅነውን በር ይከፍታል። ሃያ የሚለው ቃል ከግእዙ ዕሥራ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ዕሥራ የተሠራው ከዐሥር ነው። ሐረሪዎች ግን ሃያን ኩያ ይላሉ። ‹ከ›ን ወደ ‹ሀ› አዙሩት፤ ሃያ የክልኤ ዘመድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ግእዝ ሃያን ከዐሥር ሲሠራ የደቡቡ ቅርንጫፍ ከሁለት ሠራው ማለት ነው።

ስለ ‹ት›ም አንድ ነገር ልበል፤ በጣም የምወደው ጉዳይ ነውና። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ሰባቱም በ‹ት› ያልቃሉ። ይህች ‹ት› የቁጥሩ አካል አልነበረችም። ግእዝ ለወንድ ሲቆጥር ሠለስቱ ዕደው ይላል፣ ለሴት ሲቆጥር ሠላስ አንስት። ‹ት› በሌላ ቦታ የሴት ምልክት ናት፤ በቁጥር ላይ ግን ለወንድ ትሆናለች። ዐረብኛም ዕብራይስጥም ልክ እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለ ጠማማ ደንብ ሦስት ሕዝቦች በየራሳቸው፣ ሳይተዋወቁ ሊፈጥሩት አይችሉም፤ ከአንድ ቤት የወረሱት ነው። አማርኛ ልዩነቱን ተወና ‹ት› ያለበትን መልክ ብቻ ለሁሉም አጸና። ዛሬ ሦስት ሴቶችም ሦስት ወንዶችም የምንለው ለዚህ ነው።

ከኢትዮጵያ ወጥተን ቀይ ባሕርን ስንሻገር ያው ቤተሰብ ይቀጥላል፤ ሴማዊ የሚባሉት ቋንቋዎች ናቸው። ለመሻገር ግን መርከብ አያስፈልገንም፤ የኔታ ፊት የተቀመጠው ሕፃን ይበቃናል። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ዐረቡ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ሲል ሣሊስ፣ ራቢዕ፣ ኃሚስ፣ ሳዲስ፣ ሳቢዕ ነው የሚለው። የፊደል ረድፎች ስም አድርገን በቃል ያጠናነው ነገር ለካ የተራ ቁጥር ነው። (ካዕብ ብቻ ይለያል፤ እሱ ከመደረብ፣ ከማጠፍ የመጣ ነው።) ደግሞ ሳድስን ልብ በሉት። ዐረብኛ ስድስት ሲል ሲታ ነው የሚለው፤ ‹ደ›ም ሁለተኛው ‹ሰ›ም በ‹ተ› ተውጠዋል። ዕብራይስጥ ሼሽ ይላል፤ እዚያም ‹ደ› የለም። ግእዝ ራሱ ለሴት ሲቆጥር ስሱ፣ ስድሳን ደግሞ አንዳንዴ ስሳ ይላል። ግን የዐረቡ ሳዲስ ‹ደ›ን ይዟል፤ የእኛ ስድስት ደግሞ እስከ ዛሬ ጥርት አድርጎ ይዞታል። ገበያ ላይ «ስድስት ብር» የምትል ሴት ዐረብኛና ዕብራይስጥ ከሺህ ዓመታት በፊት የጣሉትን ድምፅ እየተናገረች ነው።

አሁን ከበድ ወዳለው እንግባ፤ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። የአብነት ተማሪ ሠለስቱን ሲጽፍ መጀመሪያው በንጉሡ ‹ሠ›፣ ቀጥሎ ያለው በእሳቱ ‹ሰ› ነው። ሰብዓቱና ሰመንቱ በእሳቱ ‹ሰ› ይጻፋሉ፤ ዐሠርቱ በዓይኑ ‹ዐ› እና በንጉሡ ‹ሠ›፤ ኀምስቱ በብዙኃኑ ‹ኀ›፤ አሐዱ በሐመሩ ‹ሐ›። በአማርኛ አፍ ‹ሠ› እና ‹ሰ› አንድ ናቸው፤ ‹ሀ›፣ ‹ሐ› እና ‹ኀ›ም አንድ ናቸው። ታዲያ ለምን ይህ ሁሉ ድካም? «አንድ ዓይነት ድምፅ በሁለት ፊደል መጻፍ ትርፉ ምንድን ነው?» የሚለው ክርክር ከዘመናዊ ትምህርት ጋር መጥቶ እስከ ዛሬ አልበረደም። በዕለት ጽሕፈት ላይ የፈለገ የፈለገውን ይበል። እኔ የማውቀው የእነዚህ ፊደላት ልዩነት የጥንት አባቶቻችን አፍ የለየው እውነተኛ የድምፅ ልዩነት መሆኑን ነው፤ ለዚህ ምስክሮቹ ደግሞ ግእዝን አይተው የማያውቁ ሕዝቦች ናቸው።

ዐሥርን ውሰዱ። ዐረብኛ ዐሸራ ይላል፣ በ‹ሸ›። ዕብራይስጥ ዔሴር ይላል፣ ሲን በተባለው ልዩ ፊደል። ግእዝ በንጉሡ ‹ሠ› ይጽፈዋል። በደቡብ ዐረቢያ መህሪ የሚባል ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ደግሞ ዛሬም ይህን ድምፅ አየርን በምላስ ጎን እያሳለፉ ይሉታል፤ ከእኛ ‹ሰ› ይልቅ ወደ ሹክሹክታ ‹ለ› ይቀርባል። በሌሎች ቃላትም ግእዝ ንጉሡን ‹ሠ› ባደረገበት ቦታ ዐረብኛ ‹ሸ›፣ ዕብራይስጥ ሲን፣ መህሪ የምላስ ጎን ድምፅ ያመጣሉ። ስለዚህ የንጉሡ ‹ሠ› ጥንት ከእሳቱ ‹ሰ› የተለየ ድምፅ ነበረው።

ወደ ሠለስቱ እንመለስ። ዐረብኛ ሰላሳ ይላል፤ ሁለቱንም ‹ሰ› ምላስን በጥርስ መሐል አስገብቶ ነው የሚላቸው። ዕብራይስጥ ሻሎሽ ይላል፤ ሁለቱም ‹ሸ›። ግእዝ ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በተለያየ ፊደል ይጽፋል። መህሪም ሦስትን ሲናገር በዚያው የምላስ ጎን ድምፅ ይጀምራል። ማን ነው የጥንቱን የያዘው? ሁለት የተለያዩ ድምፆች በጊዜ ብዛት ተመሳሰሉ ማለት ቀላል ነው፤ አፍ ድካም ይሸሻልና። አንድ ዓይነት የነበሩ ሁለት ድምፆች ግን በግእዝም በመህሪም በዚያው አኳኋን ተለያዩ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ያመሳሰሉት ዐረብኛና ዕብራይስጥ ናቸው። የጋራ አያታቸው ሦስትን በንጉሡ ‹ሠ› ጀምራ፣ ‹ለ›ን አስከትላ፣ ምላስ በጥርስ መሐል በሚገባበት ድምፅ ጨርሳዋለች። የመጨረሻውን ድምፅ የጠበቀልን ዐረብኛ ነው፤ የመጀመሪያውን የጠበቀልን ግእዝ። ከሁለቱ አንዱም ለብቻው ሙሉውን ስላልጠበቀ እንደ ተሰበረ ገንቦ ከየቦታው ገጣጥመን እናቆመዋለን። አንዳንድ የብራና ጽሑፎች ‹ሠ› እና ‹ሰ›ን ያቀያይራሉ፤ ድምፁ ከአፍ ከጠፋ በኋላ የገለበጡት ናቸውና። የዘመድ ቋንቋ ምስክርነት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉ ርቆ ያለው ምስክር አካድኛ ነው፤ በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ከ4,000 ዓመት በፊት በሸክላ ላይ የተጻፈ ቋንቋ። አካዳውያን ሃያን ኤሽራ፣ ሠላሳን ሻላሻ፣ አምሳን ኀምሻ ይሉ ነበር። ሁሉም በ‹ኣ› ያልቃሉ፤ በግእዝ ዕሥራ፣ ሠላሳ፣ ኀምሳ እንደምንለው። ዐረብኛና ዕብራይስጥ ግን ዐሥሮቹን በሌላ የብዙ ቁጥር መድረሻ ነው የሚዘጉት። በጎጃም ደጋና በባቢሎን ሜዳ መካከል ያለውን ርቀት አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ዘመንና አገር ማዶ ያቺ አንዲት ‹ኣ› ሁለቱም ዘንድ ቆይታለች።

ይህ አሠራር በዓለም የታወቀው በሌላ ቤተሰብ ነው። በ1786 እ.ኤ.አ. በካልካታ ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ጆንስ የሕንዱ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ መፍለቃቸውን ተናገረ። ዛሬ ያንን ምንጭ ጥንተ ኢንዶ አውሮፓዊ ይሉታል። እኛ ግን ከዚያ ቀድመን የምናስታውሰው አለን፤ በ1652 እ.ኤ.አ. የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን አገር በጎታ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። ሉዶልፍ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ያውቅ ነበርና የግእዝን ዝምድና ተረድቶ ጻፈ፤ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም አሳተመ።

የአውሮፓውያኑ ቁጥሮች እንዴት እንደ ተገጣጠሙ ለማየት ጥቂት ይበቃናል። ዐሥር በግሪክ ዴካ፣ በላቲን ደከም፣ በእንግሊዝኛ ቴን ነው። ሁለት በላቲን ዱኦ፣ በእንግሊዝኛ ቱ። ‹ደ› በእንግሊዝኛ ‹ተ› ሆናለች፤ እንደ እኛ ‹ከ› እና ‹ሀ› መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ያዕቆብ ግሪም በ1822 እ.ኤ.አ. ይህንና መሰሎቹን በሕግ መልክ አቀረባቸው። አምስት ደግሞ በግሪክ ፔንቴ፣ በሳንስክሪት ፓንቻ ሲሆን በላቲን ኩዊንኴ ሆኗል፤ በቃሉ መካከል ያለው ‹ኰ› የመጀመሪያውን ‹ፐ› ጎትቶ ራሱን አስመሰለው። ዐረብኛ በሦስት ላይ ያደረገውን ላቲን በአምስት ላይ አደረገው። መቶ የሚለውን ቃላቸውን ሲመረምሩትም ከዐሥር የተወለደ ሆኖ አገኙት። ግእዝም ሺህን ለመናገር ዐሠርቱ ምእት፣ ማለትም ዐሥር መቶ ይላል። እንዲህ ተገጣጥሞ የተሠራ፣ ማንም ጽፎት ያልተገኘ ቃል በፊቱ ኮከብ ይደረግበታል። ኮከቡ «ይህን በስሌት ደረስንበት እንጂ አልሰማነውም» የሚል የታማኝነት ምልክት ነው።

አንዳንዴ የጠፋ የመሰለው ቃል በማንጠብቀው ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። ሁለትን ዐረብኛ ኢስናን፣ ዕብራይስጥ ሽናይም፣ አካድኛ ሺና ይላሉ። ግእዝ ግን ክልኤ አለ፤ ክልኤ በዘመዶቹ ዘንድ «ሁለቱም» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው። ታዲያ የጥንቱ ሁለት ከኢትዮጵያ ፈጽሞ ጠፋ? አልጠፋም። ግእዝ ማግስትን ሳኒታ፣ የሳምንቱን ሁለተኛ ቀን ደግሞ ሰኑይ ይላል። እሑድ አንደኛ፣ ሰኑይ ሁለተኛ፣ ሠሉስ ሦስተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ኀሙስ አምስተኛ። በሰኑይ መጨረሻ ያለው ‹ይ› ‹ን›ን አለዘባትና በአማርኛ ሰኞ ሆነ። ሠሉስን ግን ተውነው፤ ማክሰኞ የሰኞ ማግስት ማለት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሰኞ ስንል አያታችን ሁለት ለማለት የተጠቀመችበትን ቃል እናነሣለን።

ቁጥር ሁልጊዜ በውርስ ብቻ አይመጣም፤ ይሠራልም። ለዚህ ምሳሌው እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ በአዊ ነው። አዊኛ ሴማዊ አይደለም፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ወደ አማርኛ ፊደል ስናቀርበው ሁለት ላንጋ፣ ሰባት ላንጌታ ነው፤ ሦስት ሹጋ፣ ስምንት ሶጌታ። ሰባት ከሁለት፣ ስምንት ከሦስት ወጥተዋል። አምስት ጣት አልቆ ወደ ሌላው እጅ ሲሻገሩ ሁለተኛው ጣት ሰባት፣ ሦስተኛው ስምንት ይሆናል። የእጃቸው አቆጣጠር በቃላቸው ውስጥ ቀርቷል።

የቀረን ዘጠኝ ነው። ግእዝ ተስዓቱ፣ ትግርኛ ትሽዓተ፣ ዐረብኛ ቲስዓ፣ ዕብራይስጥ ቴሻዕ፤ ሁሉም አንድ ናቸው። ዘጠኝ ከእነዚህ ጋር በየትኛውም የድምፅ ሕግ አይገጥምም፤ እንግዲህ በደቡቡ ቅርንጫፍ የተተካ ቃል ነው። ያም ሆኖ እስካሁን የያዝነው መሣሪያ ይሠራበታል። ዘጠኝ ሲበዛ ዘጠና ይሆናል፤ ‹ኝ› ሄዳ ‹ን› መጣች። ሰኑይ ሰኞ ሲሆን እንዳየነው ‹ኝ› የለዘበች ‹ን› ናት፤ ስለዚህ ከዘጠኝ ‹ን› በኋላ አንድ የሚያለዝብ ‹ኢ› ወይም ‹ይ› ነበረ። ሐረሪዎች ደግሞ ዘጠኝን ዝሕጠኝ ይላሉ፤ ሐረሪ ‹ሐ›ን ሲጠብቅ አማርኛ እንደሚጥላት ከሐረሪው አሐድና ከአማርኛው አንድ እናውቃለን። አሁን ከዘጠና ‹ን›ን፣ ከሰኞ ‹ኢ›ን፣ ከሐረሪ ‹ሕ›ን ወስዳችሁ ግጠሟቸው። *ዝሕጠኒ ወደሚለው የሚቀርብ ነገር ታገኛላችሁ። ኮከቧን ግን አትርሱ።